ማን ነህ ሳይባሉ ስለ መግባት ጉዳይ



እንደሚታወቀው የማኅበራችን ወጣቶች በስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሠርተውልን፣ የውኃ ፈረቃውን፣ የወር መዋጮውን፣ የስብሰባ ጥሪውንና የብልሽት አቤቱታውን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በርሱ ስንሠራበት ቆይተናል። አሁን ደግሞ ወጣቶቹ አንድ ነገር ይጨመር ብለው ለኮሚቴው አቅርበዋል። ይኸውም አፑን የከፈተ ሰው ስሙንም ስልክ ቁጥሩንም ሳይሰጥ «በእንግዳነት ግባ» የሚል ቁልፍ ተጭኖ እንዲገባ ነው። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦበት አልተስማማም። ሊቀመንበራችን አይሆንም ብለዋል፣ ገንዘብ ያዣችን ይሁን ብለዋል፣ እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ዋልኩ። ስለሆነም ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል። ከዚህ በታች የምጽፈው የኮሚቴው ውሳኔ ሳይሆን የራሴ አሳብ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ትምህርቴ ከ8ኛ ክፍል እንዳላለፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርፌና ክር እንጂ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም። ሆኖም ልጆቹን እየደጋገምኩ ጠይቄ፣ ሱቄ ድረስ አስመጥቼ፣ እስኪሰለቹኝ ድረስ አስረድተውኛል። የገባኝን ያህል እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ማታ ዝናብ ሲወርድ፣ በብሎካችን ደረጃ ላይ ካለው የቆጣሪ ሳጥን የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ መጣ። በ3ኛ ፎቅ ካሉት ቤቶች ባንዱ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ብቻዋን ነበረች፤ አሠሪዎቿ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። ልጅቱ ስልክ አላት። ስልኩ ግን የቤቱ ልጅ አዲስ ሲገዛ የተወላት አሮጌ ነው፣ ሲም ካርድ የለበትም፣ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው የምትጠቀምበት። አፑንም ያው ልጅ ጭኖላት «ብልሽት ሲኖር በዚህ ይነገራል» ብሏታል። ከፈተችው። አፑ ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ፣ በሜሴጅ የሚላክልሽን 6 አኃዝ ጻፊ አላት። ቁጥር የሌለው ሰው ኮዱን ከየት ያመጣል?

የእሳት አደጋ ቁጥር 939 መሆኑ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑ፣ የጥበቃዎቻችን ስልክ፣ ዋናው የመብራት መዝጊያ የት እንዳለ፣ ሁሉም አፑ ውስጥ ተጽፏል። እኔው ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት። ግን ከበሩ ወዲያ ነው። ልጅቱ በባዶ እግሯ ወርዳ ጥበቃውን ፈለገች፤ ጥበቃው በጓሮ በር በኩል ነበር። እስኪገኝ ድረስ ሳጥኑ እየተንጣጣ ነደደ። በመጨረሻ ዋናውን ዘግተው በአሸዋ አጠፉት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሆኖም 4 ቤቶች 9 ቀን በጨለማ ቆዩ። ከነዚያ ውስጥ አንዷ እናታችን የስኳር መድኃኒታቸውን የሚያኖሩት በፍሪጅ ነው፤ 9 ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ሰነበቱ።

ልጅቱ በሳምንቱ ዚፕ ልታስቀይር ሱቄ መጣች። እኔም የጸሐፊነቴን ነገር ይዤ «ለምን በአፑ አላመለከትሽም?» አልኳት። «ጋሼ፣ ከፍቼው ነበር'ኮ። ማን ነሽ አለኝ። ማን ነኝ ልበለው?» አለችኝ።

ዚፑን በነፃ ቀየርኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የማኅበር አባል የሚያደርገው የቤቱን ባለቤት ነው። መልካም፣ ሕግ ነው። ነገር ግን በየደረጃው የሚወጣውና የሚወርደው ሰው ባለቤት ብቻ ነው'ንዴ? ተከራይ አለ። የተከራይ ወንድም አለ። ከገጠር ለሕክምና የመጣ አባት አለ። ሠራተኛ አለ፣ ልጅ ጠባቂ አለ፣ ጥበቃው ራሱ አለ። ቆጣሪው ሲነድ ካርታ ያለውንና የሌለውን ለይቶ አይደለም። አፓችን ግን በስልክ ቁጥር የሚያውቀው ባለቤቱንና ባለቤቱ ያስመዘገበውን ብቻ ነው።

ደግሞ እስቲ ይህን ሰሌዳ አስቡት። አሁን ቆማችሁ የምታነቡትን ማለቴ ነው። ማን ነህ ያላችሁ አለ? ዕቃ አድራሹም ቆሞ ያነባል፣ የሰንበት እንግዳም ያነባል፣ የውኃ ፈረቃው ማክሰኞ መሆኑን አይቶ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰሌዳው ስም ጠይቆ አያውቅም፤ ስም ባለመጠየቁም ያጣነው ነገር የለም። ታዲያ ያንኑ ጽሑፍ ወደ ስልክ ስናዛውረው በር ሠርተን ዘበኛ ያቆምንበት ለምንድነው? ልጆቹን ስጠይቃቸው አንዱ ሳቀና «ጋሼ፣ ሌላው አፕ ሁሉ እንደዚያ ስለሚያደርግ ነው» አለኝ። ይኸው ነው እውነቱ፤ አስበንበት አይደለም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በኔ ሙያ ልግለጥ። አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ያመጣል እንበል። አላውቀውም፣ ስሙንም አልጠየቅሁትም። ቁጥር ያለባትን ወረቀት ለሁለት እቀድና ግማሿን ሱሪው ላይ በመርፌ ቁልፍ እሰካለሁ፣ ግማሿን ለርሱ እሰጣለሁ። ሲመለስ ወረቀቷን ያሳየኛል፣ እኔም ሱሪውን እሰጠዋለሁ። ስሙን አላወቅሁም፤ ግን የሱሪው ባለቤት እርሱ መሆኑን አውቃለሁ። የእንግዳ መግቢያውም እንደዚሁ ነው አሉኝ። አፓችን የቆመበት ፋየርቤዝ የሚባለው አገልግሎት (የራሱ ኩባንያ ነበረ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው) እንግዳው ቁልፉን ሲጫን 28 ፊደልና አኃዝ የተዘበራረቀበት መለያ ይፈጥርለታል። አንዱ ግማሽ በስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው በነርሱ መዝገብ። ስሙን ማንም አልጠየቀውም፣ ነገር ግን ነገ አፑን ሲከፍት «ትናንት ስለ ቆጣሪው ያመለከትከው ሰው አንተ ነህ፣ መልሱ ይኸው» ሊባል ይችላል። ይህ በአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ወረቀት ከመጣል ይሻላል፤ ሳጥን መልስ አይሰጥማ። ለነገሩ የብዙ መሥሪያ ቤት የአስተያየት ሳጥን ቁልፉ ያለው የሚታማው ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ወረቀቷን የጣለ ደንበኛ ግን ችግር አለበት። አፑን ከስልኩ ያጠፋ፣ ወይም ስልኩን የቀየረ እንግዳ ያቺን መለያ ሊያጣት ይችላል፤ ካጣት ተመልሶ ቢገባ አዲስ እንግዳ ነው፣ የቀድሞ አቤቱታውን ማየት አይችልም። ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በኋላ ስሙን ልስጥ ቢል ደግሞ ቀላል ነው። ሱሪው ላይ ባለችው በዚያችው ወረቀት ጀርባ ስሙን እጽፋለሁ እንጂ ሱሪውን እንደገና አልለካም፤ ያም መለያ ሳይለወጥ ስልክ ቁጥሩ ይጨመርበታል፣ የላከው ሁሉ አብሮት ይሻገራል። አስቸጋሪው ቀድሞ በስሙ መዝገብ ያለው ሰው በሌላ ስልክ በእንግዳነት ገብቶ ቆይቶ «እኔው ነኝ» ሲል ነው። ሁለት ገጽ ይሆናል፣ አንዱን ወደ አንዱ በእጅ መገልበጥ ያስፈልጋል። እኔም ዘንድ ይደርሳል፤ አንድ ሰው በራሱም በሚስቱም ስም ኮት አስገብቶ አንዱን ሦስት ዓመት ረስቶታል። እስካሁን ተሰቅሏል፣ የሆነ ሰው ከታወሰው ይምጣ። በአፑ በኩል ግን ከፍ ወዳለው የፋየርቤዝ አገልግሎት ከተሸጋገርን 30 ቀን ያለፋቸው የእንግዳ መለያዎች በራሳቸው እንዲጠረጉ ማድረግ ይቻላል ብለውኛል። እንዲደረግ አሳስባለሁ። እንደኔ ሱቅ ግድግዳው ሁሉ ባለቤት በሌለው ኮት መሞላት የለበትም።

ወደ ክርክሩ ልምጣ። ሊቀመንበራችን አይሆንም ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ያሉትንም በቃለ ጉባኤ እንዳለ ጽፌዋለሁ። «ስም የሌለው ሰው ኃላፊነት የለውም። ዛሬ ስለ ቆጣሪ የሚያመለክት ነገ ስለ ሰው ሚስት ይጽፋል» ነው ያሉት። ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። ምክንያቱም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ስም የሌለበት ወረቀት ተለጥፎ አይተናል፤ እኔም በሁለቱም ውስጥ አለሁበት።

የመጀመሪያው በ2015 ዓ.ም. የፓምፑ ጊዜ ነው። «የፓምፕ መግዣ 60 ሺህ ብር ተበልቷል፣ ኮሚቴው ይጠየቅ» የሚል ወረቀት አንድ ጠዋት እዚህ ተሰክቶ ተገኘ። ከኮሚቴው ውስጥ ያልተቆጣ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ የት ነው የሚል አልነበረም፤ ማን ጻፈው የሚል ነበር። እኔ ደግሞ የመዋጮ መዝገቡ በእጄ ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ የሁላችሁም የእጅ ጽሑፍና ፊርማ አለ። አልዋሽም፣ በዚያች ማታ መዝገቡን ከፍቼ፣ ወረቀቷን አጠገቡ አድርጌ፣ ፊደል ከፊደል ሳስተያይ አመሸሁ። የ«ሀ»ዋ አጣጣል የማን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ያን ሰው ደረጃ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ሰላምታዬ ይቀዘቅዝ ነበር። ይህን ዛሬ የምጽፈው በማፈር ነው።

በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር ምን ተገኘ? የተበላ ገንዘብ የለም። 60 ሺህም ውሸት ነው። ግን የ14 ሺህ ብር ደረሰኝ በመዝገብ የለም፤ የቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኙን ሳይሰጠን ሄዶ፣ እኛም ሳንጠይቀው ቀርተናል። ያ ወረቀት ባይለጠፍ እስከ ዛሬም አንጠይቀውም ነበር። በግማሹ ስቷል፣ በግማሹ ልክ ነበር። ጸሐፊው ስሙን ቢጽፍ ኖሮስ? ስሙን ጽፎ ከኮሚቴ ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው፣ ነገ ውኃ ሲቋረጥበት ለነዚያው ሰዎች የሚያመለክት ሰው፣ ይጽፈው ነበር ወይ? እኔ መዝገብ ገልብጬ እንደፈለግሁት እያወቅሁ ይጽፈው ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም።

ሁለተኛው ወረቀት ግን ሌላ ነው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ አንዲት ተከራይ ነበረች። ስለርሷ ምን እንደተጻፈ አልደግመውም። ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። ወረቀቱን እኔ ነኝ የነቀልኩት፤ የነቀልኩት ግን ሱቅ ስከፍት በ2 ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሁሉ አንብቦታል፤ የገዛ ልጇም አንብቦታል። በሁለት ወሩ ቤቱን ለቃ ሄደች። ውሸት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዳችንም በሯን አንኳኩተን አልነገርናትም።

ስለዚህ «ስም ይጠየቅ» የሚለውም «አይጠየቅ» የሚለውም በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስረጃ አለው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ አሰብኩባቸው። ልዩነታቸው ስም መኖር አለመኖሩ አልነበረም፤ ሁለቱም ስም የላቸውም። አንደኛው ለሚመለከተው ሰው ቢደርስ በቂ ነበር፤ ግድግዳ ላይ መውጣቱ አስፈላጊ አልነበረም፣ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም። ሁለተኛው ደግሞ ግድግዳ ላይ ባይወጣ ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር፤ ኃይሉ ሁሉ ግድግዳው ነው። እንግዲህ የኔ አሳብ ከዚህ ይወለዳል። እንግዳ ይግባ፣ ያንብብ፣ ያመልክት። የሚያመለክተው ግን ለተወሰኑ ሰዎች እንጂ ለሁሉ የሚታይ ገጽ ላይ አይጻፍ። ሁሉ በሚያየው የጭውውት ገጽ ላይ መጻፍ የሚችለው ስሙን የሰጠ ብቻ ይሁን። አቤቱታውም ለአንድ ሰው ብቻ አይድረስ፤ ለሊቀመንበሩ፣ ለገንዘብ ያዧና ከኮሚቴ ውጪ ጉባኤው ለሚመርጠው አንድ ነዋሪ በአንድ ጊዜ ይድረስ። ያለዚያ እንዳልኩት ቁልፉ በሚታማው ኪስ ነው።

አገራችን እንግዳን ማስተናገድ ታውቅበታለች። የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ስሙ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ እንጀራ ከቀረበለት በኋላ ነው። ግን እንግዳ ነውና ጎተራ ክፈት አይባልም፣ ጓዳም አይገባም። ሳሎን ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። (ስቱዲዮ ቤት ያላችሁ ሳሎኑም ጓዳውም አንድ እንደሆነባችሁ አውቃለሁ፣ ምሳሌ ነው።)

ጓዳችን ምንድነው ቢባል በመጀመሪያ የውዝፍ ዝርዝሩ ነው። ማን የስንት ወር መዋጮ እንዳልከፈለ፣ ከነቤት ቁጥሩና ከነስልኩ በአፑ ላይ አለ። እዚህ ላይ አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ልጆቹ የእንግዳውን በር ለሙከራ በራሳቸው ስልክ ላይ ከፍተው ሲያዩ፣ እንግዳው ቀጥ ብሎ ውዝፍ ዝርዝሩ ላይ ገባ! ከላይ ሦስተኛው ስም ደግሞ የኔ ነው፣ የሦስት ወር። (ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ አለ።) ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ቀድሞ የተጻፈው ደንብ «በበሩ የገባ ሰው ሁሉ ያንብብ» የሚል ነበር። ያኔ በበሩ የሚገባው በስልክ ቁጥሩ የታወቀ አባል ብቻ ስለነበር ደንቡ ልክ ነበር። እንግዳ ሲፈቀድ ግን እንግዳውም «የገባ ሰው» ሆኖ ተቆጠረ። ደንቡ አልተለወጠም፤ በሩ ነው የተለወጠው። በፋየርቤዝ የሚሠሩ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው አለኝ ልጁ። መፍትሔው በየገጹ «የገባ» ከማለት ይልቅ «ገብቶ እንግዳ ያልሆነ፣ ከዚያም አባል ሆኖ የተመዘገበ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አገልግሎቱ ሰውዬው በምን መንገድ እንደገባ ስለሚያስታውስ ይህን መለየት ይቻላል። ስለዚህ በሩ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ ገጽ እንደ እንግዳ ተገብቶ፣ አንድ በአንድ ይሞከር። ይህንንም ደንቡን የጻፈው ልጅ ብቻውን አያድርገው፤ ልብስ የሰፋ ሰው የራሱን ስፌት ስሕተት አያይም፣ እኔ በራሴ አውቀዋለሁ።

ከውዝፉ ሌላ የነዋሪዎች ስልክ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ ማን ቤቱን ዘግቶ አገር እንደወጣ የሚነግረው የጥበቃ ማስታወሻ፣ እነዚህ ሁሉ ጓዳ ናቸው። በተለይ የመጨረሻው ለሌባ እንደ ግብዣ ካርድ ነው። ድምፅ መስጠትና መዋጮ መክፈልም በስም ነው፣ ይህ ክርክር የለውም። አንድ ሰው ስልኩን እየቀያየረ አሥር እንግዳ ሆኖ አሥር ድምፅ ሊሰጥ ይችላልና።

አንድ ሌላ ጓዳ አለ፣ እርሱም የኛው የኮሚቴው ምላስ ነው። ልጆቹ የቁልፉን ጽሑፍ «ማንነትዎ ሳይታወቅ ይግቡ» ብለው ነበር። እኔ ይህ ይለወጥ እላለሁ። ምክንያቱም እውነት አይደለም። ስም አልተጠየቀም ማለት ጨርሶ አይታወቅም ማለት አይደለም። ስልኩ በኢንተርኔት ሲገባ የመጣበት አድራሻና ሰዓቱ በመዝገብ ይቀራል። ከዚያም በላይ ጽሑፉ ራሱ ሰውን ይናገራል። «ከበላዬ የሚኖሩት ሌሊት ሙቀጫ ይወቅጣሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ቤት ቁጥሩን ከመጻፍ በምን ይለያል? እኔ ከአንዲት «ሀ» ሰው ለማወቅ ያመሸሁ ነኝ። ስለሆነም ቁልፉ ላይ «ስም ሳይጠየቁ ይግቡ» ይባል፣ ከሥሩም ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደማይቀመጥ በሁለት መስመር ይጻፍ። ያልሆነውን ቃል ገብተን አንድ ምስኪን አምኖን ቢጽፍና ቢታወቅበት፣ ዕዳው የኛ ነው።

መንግሥትም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥቷል። ከውስጡ የገባኝ አንድ ነገር፣ ለሥራው ከሚያስፈልግህ በላይ የሰው መረጃ አትሰብስብ የሚለው ነው። የውኃ ፈረቃ ለማንበብ የሰው ስልክ ቁጥር ምን ያደርግልናል? የአይፎን ባለቤት የሆነው አፕል ኩባንያም ወደ መደብሩ የሚገቡ አፖችን ያዛል፤ አፑ የግድ መዝገብ የሚፈልግ ሥራ ከሌለው ሰው ሳይመዘገብ ይጠቀምበት ይላል። ለትልልቆቹ የታያቸው ለኛ አለመታየቱ ያስተዛዝባል።

በዱባይና በሌላ አገር ሆነው ቤታቸውን ያከራዩ አባሎቻችን «የኢትዮጵያ ሲማችን ስለተዘጋ ኮዱ አይደርሰንም፣ እኛም በእንግዳነት እንግባ» ብለው ደውለዋል። ለነርሱ የእንግዳ በር መፍትሔ አይሆንም፤ አባል ናቸውና ውዝፋቸውንም ድምፃቸውንም ማግኘት አለባቸው። በኢሜይል የሚገቡበት ሌላ መንገድ ይሠራላቸው። በነገራችን ላይ የተዘጋው ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቶ ከሆነ ኮዱ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል፤ እባካችሁ የተዘጋ ቁጥር ያላችሁ ቶሎ አስቀይሩ።

«ታዲያ እንግዳ ሁሉ አቤቱታ እየላከ ኮሚቴውን ቢያሰለችስ?» ያሉኝም አሉ። ሊሆን ይችላል። ልጆቹ አንድ እንግዳ በቀን ከ3 በላይ እንዳይልክ ማድረግ ይቻላል ብለዋል። ለኔ ግን የሚያስጨንቀኝ የሚያሰለቸው አይደለም። ካለፈው መስከረም እስከ ዘንድሮ መስከረም በአፑ የደረሱንን አቤቱታዎች ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ከሠራተኛ፣ ከጥበቃና ከልጅ ጠባቂ የመጣ አንድም የለም። በየደረጃው ሲጠርጉና ሲያጥቡ የሚውሉት ግን እነርሱ ናቸው። የተሰነጠቀውን ቱቦ ከኛ በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው እንዲህ ነው። የእንግዳው በር ይከፈት። የውኃ ፈረቃው፣ የአደጋ ቁጥሮቹ፣ ማስታወቂያው ለማንም ይታይ፤ እንዲያውም የአደጋ ቁጥሮቹ የእንግዳ ቁልፉን እንኳ ሳይጫኑ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጡ። አቤቱታው ለሦስት ሰዎች ይድረስ። ጓዳው ተፈትሾ ይዘጋ። ከሦስት ወር በኋላ ታይቶ መጥፎ ከሆነ ይዘጋ፣ አንገቴን ይዤ አልከራከርም። አፕ የሌላችሁ፣ በተለይ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዛችሁ አባቶችና እናቶች አትስጉ፤ ይህ ሰሌዳ አይነሣም፣ እኔም ጽሑፉን ማጉላት እቀጥላለሁ።

ስብሰባው እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት በግቢው መኪና ማቆሚያ ነው። ወንበር ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ባለፈው ጊዜ ግማሹ ቆሞ ዋለ። የ3ኛ ፎቅዋን ልጅ አሠሪዎች ያን ዕለት ከሰዓት እንዲፈቅዱላት ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። ድምፅ መስጠት አትችልም፣ የሆነውን ግን በራሷ አፍ ትናገራለች። ስሟን መናገር ከፈለገችም የምትናገረው እርሷ ናት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ